ማንኪያ የማይገባበት ጎላ

በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በእኛ ባያ ከተማ የዓሣ ሾርባ በማንኪያ የሚያማስል ሰው ወዳጅ አያፈራም። ዓሣው ይፈርሳል፣ አጥንቱ ከሥጋው ይላቀቃል፣ ሾርባው ገንፎ ይሆናል። ጎላው በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ እጀታው እየተያዘ ግራና ቀኝ ይዞራል እንጂ ውስጡ አይነካም። ስለዚህ አብሳዩ እየቀመሰ አያበስልም። ሽንኩርቱ መቅለጡን፣ ዓሣው መብሰሉን፣ ከሁሉም በላይ ቀዩ በርበሬ የሚጨመርበትን ደቂቃ የሚነግረው እንፋሎቱ ነው። አፍንጫ ያለው ያበስላል፣ የሌለው ይበላል። ነገሩ ይኸው ነው።

እትዬ ኤቴልካና እኔ አጥር ለአጥር ነን። የእሳቸው ግቢ ከዳኑብ የሚገነጠለው ትንሹ ወንዝ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ውሃው ዳር፣ አኻያዎቹ ሥር፣ ጠረጴዛዎች ዘርግተው እንግዳ ያበላሉ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናቸው። «ጥርስ ያወጣሁት ጀልባ ላይ ነው» ይላሉ፤ እውነት ይሁን ጨዋታ አላውቅም፤ ብቻ ዓሣ ሲያጸዱ ያየ ሰው ያምናቸዋል። ታዲያ በድሮው ልማድ ጎላ የወንድ ነበር። ሴት ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ፓስታ ትዳምጣለች፣ እሳቱ ዳር የሚቆመው ባል ነው። ባላቸው ጋሽ በርታላን ያበስሉ ነበር፤ እትዬ ኤቴልካ ደግሞ ከሽንኩርቱ መክተፊያ ሆነው ነፋሱ የሚያመጣላቸውን እያሸተቱ ሙያውን ሰረቁ።

ጎላው እንዴት ወደ እሳቸው እጅ እንደገባ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ በርታላን አርጅተው መርሳት ጀመሩ። አንድ ቀን እንግዳ ሞልቶ ሳለ በርበሬውን ጨምረው ሲያበቁ፣ ጥቂት ቆይተው እንደገና ጨመሩ። እትዬ ኤቴልካ ከመክተፊያቸው ሳይነሱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በርታላን፣ ከእሳቱ ዳር ተነስ» አሏቸው። ሽማግሌው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተነሡ። አኻያው ሥር ተቀመጡ። እስኪሞቱ ድረስ ጎላ አልነኩም። ሴትየዋ ልክ ነበሩ የሚል አለ፣ በጆሯቸው ሹክ ቢሏቸው ምን ነበረበት የሚልም አለ። እትዬ ኤቴልካ ግን ነገሩ በተነሣ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፤ አፍንጫው የሞተ አብሳይ ቤቱ ይቀመጥ። ልጃቸው አንዶር ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ሳህን ይዞ ቆሞ አይቷል። ዛሬ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ ያንኑ ቃል እንደ ቤቱ ሕግ አድርጎ ይዞታል።

ዘንድሮ በየካቲት እትዬ ኤቴልካን ኃይለኛ ጉንፋን ጣላቸው። ትኩሳቱ ለቋቸው ሲነሡ ሳሙናው አይሸትም፣ ሽንኩርቱ አይሸትም፣ የጀልባው ናፍጣም አይሸትም። አፍንጫዬ ታፍኖ ነው ብለው ጠበቁ። አፍንጫው ተከፈተ፣ ሽታው ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሎ ሸኛቸው። ለማንም አልተናገሩም። ለልጃቸው መናገር ማለት ጎላውን ማስረከብ ነበር፤ ጎላው ከሌለ ደግሞ እሳቸው ማን እንደሆኑ አያውቁም። ይህን በኋላ በአጥሩ ላይ ሆነው ነው የነገሩኝ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ዓይነት።

ፀደዩን በዓይንና በጆሮ ገፉት። የአረፋውን መልክ እያዩ፣ የፍላቱን ድምፅ እያደመጡ። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካላቸዋል። ሁለት ጊዜ ግን በርበሬው ጥሬ ጥሬ እያለ ወጣ። እንግዶቹ ጨዋ ናቸው፤ ዳቦ አብዝተው በሉበት። አንዶር ጥፋቱን በርበሬ ሻጩ ላይ ደፍድፎ፣ ከስንት ዓመት ደንበኛው ጋር ተጣላ። እትዬ ኤቴልካ ይህን ሁሉ እየሰሙ ሽንኩርታቸውን ከተፉ። እንቅልፍ የነሣቸው ይኸኛው ነው።

የሐምሌው እሑድ እንዲህ ሆነ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ከደብረጸን ከተማ ይመጣሉ ተብሎ ተነግሯል። እነዚህ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ በየጊዜው ባቡር ተሳፍረው አንድ ከተማ ይሄዱና የዚያን አገር ምግብ ይበላሉ። አንዱ ቦታ የዝይ ጉበት፣ ሌላው ቦታ ጥቅልል ጎመን፣ ሴጌድ ደግሞ የሴጌድን የዓሣ ሾርባ በልተዋል። ሴጌድ ማለት የእኛ ባላንጣ ነው። ስለዚህ አንዶር ሳምንቱን ሙሉ ሲንቆራጠጥ ሰነበተ።

ዓሣው፣ ካርፕ የምንለው ወፍራሙ፣ ቅዳሜ ማታ ተከትፎ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በትልቅ ሳፋ ፍሪጅ ገብቷል። ጠዋት እትዬ ኤቴልካ የፍሪጁን በር ሲከፍቱ ውስጡ ጨለማ ነው። የመብራቱ ቆጣሪ ወርዷል። ሌሊት መብረቅ ነበር፤ ችግሩ መብረቁ ሁለት ጊዜ መምጣቱ ነው፤ አንዱ ገና እንደተኙ፣ ሌላው ሊነጋ ሲል። ቆጣሪውን የጣለው የኋለኛው ከሆነ ምንም አይደል። የፊተኛው ከሆነ ግን ዓሣው በዚያ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲወብቅ አድሯል ማለት ነው።

ሳፋውን ጎትተው አወጡ። ዓይኑን አይተው እንዳይለዩ ጭንቅላቱ ተሰንጥቋል፤ ሥጋውን እንዳይጫኑ ጨው አጠንክሮታል። የቀረው ማሽተት ነበር። ፊታቸውን ሳፋው ውስጥ ደፍተው በአፍንጫቸው ሳቡ። ምንም። እንደ ባዶ ማሰሮ።

ድመቲቱን ጠሩ። አንድ ቁራጭ ወረወሩላት፤ አላምጣ ሳትጨርስ ሌላ ጠየቀች። እፎይ ሊሉ ሲሉ ይህች ድመት ባለፈው ሳምንት የአንዶርን የጫማ ቅባት መላሷ ትዝ አላቸው።

ሌላ ዓሣ የለም። እሑድ ነው፤ ሻጩ ዘግቷል። ሰዎቹ ባቡር ላይ ናቸው፤ ግማሾቹ ሰማንያ የደፈኑ ሽማግሌዎች። የተበላሸ ዓሣ እንዲህ ላለው ሰው ሆድ ሕመም ብቻ አይደለም፣ ሞት ነው። አንዶርን ቢጠሩት «አንቺ አሽተሽው የለ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። እኔም እንዳልደርስላቸው ቅዳሴ ላይ ነበርኩ።

የልጃቸው ሚስት ቦርባላ ለፓስታው ዱቄት ታቅፋ መጣች። በእኛ ከተማ ሾርባው የሚበላው እንደ ክብሪት እንጨት ከቀጠነ ፓስታ ጋር ነው፤ ቦርባላም ወደዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ሥራዋ ፓስታ ነበር። ጎላውን እንድትሞክር ለምና ታውቃለች። አማቷ «ያንቺ አፍንጫ ለሳሙና የተፈጠረ ነው» ብለው ሽቶዋን ሰድበው መልሰዋታል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት ስለ ዱቄትና ስለ ጨው ብቻ ነው።

እትዬ ኤቴልካ መጀመሪያ ዘዴ ሞከሩ። ሳፋውን ወደ ጥላው ወስደሽ አስቀምጪልኝ አሏት። የሚሸት ከሆነ ፊቷ ይናገራል ብለው ዓይናቸውን ተክለው ጠበቁ። ቦርባላ ተሸክማ ወሰደች፣ አስቀመጠች፣ ምንም አላለችም። ግን በአጠገቡ የተከተፈ ሽንኩርት ተቆልሏል፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እንዲህ ያለ ፊት ምን ይናገራል? ስትመለስ እትዬ ኤቴልካ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ቦሪ፣ ነይ እስቲ። አሽችልኝ።»

«ምኑን?»

«ዓሣውን። መብራት ጠፍቶ አድሯል።»

«እርስዎስ አላሸተቱትም?»

«አይሸተኝም።»

«ጉንፋን ይዞዎት ይሆናል።»

«ከየካቲት ጀምሮ አይሸተኝም። ምንም ነገር።»

ቦርባላ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ሳፋው ላይ አጎነበሰች። ከላይ አሸተተች፣ ከሥር ፈልፍላ አሸተተች፣ አንዱን ቁራጭ አጥንቱ ጋ ሰንጥቃ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው። አማቷ ይመለከቷታል። ደህና ነው አለች። እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲሏት እንደገና አሸተተች፤ ጨውና የወንዝ ውሃ ነው የሚሸተው፣ ደህና ነው።

ቆጣሪውን የጣለው የኋለኛው መብረቅ ነበር። ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም ምንም አይሆንም ነበር ማለት ነው። «ዓሣው ሳይበላሽ እኔ ተበላሸሁ» አሉኝ ይህን ሲያወሩኝ።

ቦርባላ ቀና አለች። ሳቀች ወይስ አለቀሰች ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ አላስታውስም ነው የምትለው። የተናገረችውን ግን ሁለቱም ያስታውሳሉ።

«ለሳሙና የተፈጠረው አፍንጫ ነው እንግዲህ ዛሬ የተፈለገው?»

እትዬ ኤቴልካ ለአንዶር እንዳትነግሪው አሉ፤ ልመና ስለማያውቁበት እንደ ትእዛዝ ነው የወጣላቸው። እኔ አልነግረውም አለች። ከዚያ ግን እጇን እያደረቀች የጨመረችው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። «ግን እማማ፣ ከኋላዎ ቆሜ በድብቅ አፍንጫ አልሆንልዎትም። ስሙ የእርስዎ፣ ማሽተቱ የኔ ሆኖ አይሆንም። ወይ እርስዎ ራስዎ ይንገሩት፣ ወይ ብቻዎን ያብስሉት።»

ይህን ብላ ሊጧን መዳመጥ ጀመረች።

አንዶር የአኻያ ማገዶ ታቅፎ መጣና እስካሁን እሳት ለምን አልተያያዘም ብሎ ጮኸ። ባቡሩ ገብቷል፣ ሰዎቹ በእግር እየመጡ ነው። የመብራቱን ነገር ነገሩት፤ ዓሣው ታይቷል ደህና ነው ሲባል ማን እንዳየው አልጠየቀም። እናቱ ካሉ ማን ሊሆን ይችላል? ቦርባላ መዳመጫዋን አላቆመችም። እትዬ ኤቴልካ ሽንኩርቱን፣ ዓሣውንና ውሃውን እንደ ወትሮው ጎላው ውስጥ ደረደሩ። እሳቱ ተያያዘ።

እኔ ከቅዳሴ ስመለስ እንግዶቹ ጥላው ሥር ተቀምጠው ወይናቸውን በሶዳ እየቀላቀሉ ይጠጡ ነበር። በአጥሩ በር ገብቼ እንደ ልማዴ ወንበር ሳብኩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሊፖት የሚባል፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ የሚገባ፣ ድምፁ እንደ ባቡር ጡሩምባ የሆነ ሰው ነው። ገና ከመቀመጡ ነገር ጀመረ።

«እትዬ፣ ሴጌዶች ዓሣውን ፈጭተው፣ አጥልለው፣ ሐር የመሰለ ሾርባ አበሉን። እናንተ ፓስታ ትጨምሩበታላችሁ አሉ። ሾርባ ነው ወይስ የሠርግ ትራፊ?»

ሌላ ቀን ቢሆን እትዬ ኤቴልካ ሰውየውን ከነሆዱ ጠቅልለው ይመልሱት ነበር። ሴጌዶች የሚያጠልሉት ጥርስ ስለሌላቸው ነው የሚል የቆየ መልስ አላቸው። ያን ቀን ግን ፈገግ እንኳ አላሉም። እጀታውን ይዘው ያዞራሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ፍላቱ ያዘነብላሉ፣ ዓይናቸው አሥር ጊዜ ወደ ፓስታው ጠረጴዛ ይሄዳል። ቦርባላ ፓስታዋን ትቆራርጣለች፤ ቢላዋው መክተፊያው ላይ ጣ ጣ ጣ ይላል፤ አንዴም ቀና አላለችም። የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ምንነቱን ግን ከየት ላውቅ?

መልሱን የሰጠው አንዶር ነው። እናቱን ከሴጌድ ጋር አወዳድረውበት ዝም ሊል አልቻለም። ሰዎቹን ከወንበራቸው አስነሥቶ ጎላው ዙሪያ አቆማቸው። እዚህ ማንኪያ አይገባም አላቸው፤ እናቴ በቅምሻ ሳይሆን በአፍንጫዋ ነው የምታበስለው፤ በርበሬው የሚገባበት ደቂቃ አንድ ነው፣ ቢቀድም ጥሬ ይሆናል፣ ቢዘገይ ዓሣው ያልፍበታል፤ እሷ ደግሞ አንድም ቀን ስታ አታውቅም። የበርበሬውን ጎድጓዳ ሳህን አንሥቶ በክብር እጃቸው ላይ አኖረው።

ሽማግሌዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። ሊፖት ሳይቀር ባርኔጣውን አወለቀ፤ በሙቀቱ ይሁን በአክብሮት እንጃ። እንፋሎቱ እየተጥመለመለ ይወጣል። የቦርባላ ቢላዋ ቆመ።

እትዬ ኤቴልካ በሕይወታቸው ሙሉ እንዳደረጉት ጎንበስ አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳቡ። ሙቀት ፊታቸውን ገረፋቸው፤ ሌላ ምንም አልመጣም። በጆሮ ቢሉ፣ ሰው ከቧቸው ፍላቱ ተሸፍኗል። በዓይን ቢሉ፣ ጭሱ ወደ እሳቸው ዞሯል። ገምተው ቢያፈሱት የሚሳካበት ዕድል ነበረ። ያም ባይሆን እነዚህ ሰዎች ምን ያውቃሉ? እጃቸው ከሳህኑ ጋር ተነሣ። ቆየ። 

ሳህኑን አወረዱት።

«አንዶር፣ እኔ ከየካቲት ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

አንዶር ሳቀ። እንግዶቹም ጨዋታ መስሏቸው ተከትለውት ሳቁ። እናቱ አልሳቁም።

«ያ የበርበሬ ሻጭ አልበደለህም። ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። የአንዶር ፊት ሲለዋወጥ ማየት ያስጨንቅ ነበር፤ መጀመሪያ እፍረት፣ ከዚያ ንዴት፣ ከዚያ ሌላ፣ ልጅነት የመሰለ ነገር። «አባዬን እኮ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ሁላችንም የባያ ሰዎች የቀረውን ሰምተነዋል። እትዬ ኤቴልካም ሰምተዋል። ከእሳቱ ዳር ተነሺ የሚላቸውን ሰው እየጠበቁ ቆሙ። የሚናገር ጠፋ። ጎላው ይፈላል፣ ደቂቃውም ያልፋል፤ እሳት የሰው ጉድ አይጠብቅም።

«ቦሪ» አሉ፣ ሳይዞሩ። «ነይ፣ ጎላው ያንቺ ነው።»

ቦርባላ ሽርጧ ዱቄት እንደ ሆነ መጣች። ባሏን አላየችውም፣ እንግዶቹንም አላየች። ጎንበስ ብላ ሳበች።

«ገና ነው።»

ማንም አልተነቃነቀም። እንደገና ሳበች፤ ገና ነው አለች። ሊፖት አጠገቤ ቆሞ ይተነፍሳል፤ ባቡር እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው ይመስላል። እትዬ ኤቴልካ የእጀታውን አንድ ጫፍ ይዘዋል፤ ቦርባላ ሌላኛውን ያዘች። ሦስተኛ ጊዜ ስትስብ ትከሻዋ ወረደ።

«አሁን።»

አማቷ ሳህኑን ዘረጉላት። ቦርባላ በርበሬውን እንደ ዝናብ በተነችው፣ ሾርባው ከዳር ወደ መሐል ቀላ። ከዚያ እጀታውን ልታዞር ስትል ከበዳት፤ እትዬ ኤቴልካ አለቀቁም ነበር። ያን ጊዜ ነው እጃቸውን የተመለከቱት። ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈቱ። ሽርጣቸውን አወለቁና በእንጨቱ ክምር ላይ ጣሉት፤ መጥተውም ከእኔ ጎን ተቀመጡ። እንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።  ወይን በሶዳ ቀዳሁላቸው፤ ጨለጡት።

ምግቡ ቀረበ። መጀመሪያ ሾርባው ከነፓስታው፣ ዓሣው በሌላ ሳህን። ጠረጴዛው ላይ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አንዶር ዳቦ ያድላል፣ ለሰጠው ሰው ተመልሶ ያድላል፤ እናቱ ጋ ሲደርስ ግን መንገድ ይቀይራል። ሊፖት ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ሲያበቃ ወንበሩን አስጩኾ ወደ እትዬ ኤቴልካ ዞረ። ሴጌድ ይሻላል ወይስ ባያ ብዬ ልጠይቅዎት ነበር አላቸው፣ አሁን ግን ማንን ልጠይቅ?

«አብሳይዋን ጠይቃት» አሉ እትዬ ኤቴልካ። «እኔ በላተኛ ነኝ።»

ቦርባላ ከጎላው ዳር ሆና፣ ሴጌድ ላይ የጠገበ ሰው ባያ ድረስ ባቡር አይሳፈርም አለችው። ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛውን ደበደቡ። ሊፖት ተሸንፎ ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ።

በዚህ ሳቅ መሐል አንዶር ዳቦውን አስቀምጦ እናቱ ፊት ቆመ። አባቱ የተነሡ ዕለት የቆመው ልጅ ነው የመሰለኝ፤ ሳህን ብቻ አልያዘም። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም አላቸው።

«ከእሳቱ ዳር ተነሺ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«እልሽ ነበር?»

«እኔ ብሆን እል ነበር። ብዬስ የለ?»

አንዶር ጉንጩን በክንዱ ጠረገ፤ ጭስ ነው አለ። ከዚያ የሚቀጥለውን እሑድ ነገር አነሣ፣ ስለ ሌላ ነገር ማውራት እንደሚቀል ሁሉ። ሌላ ማኅበር ተመዝግቧል፣ ማን ሊያበስል ነው? ቦርባላ ጭልፋዋን ይዛ መጣች። እኔ ነኝ አለች፤ እማማ ደግሞ እሳቱን ይይዛሉ፤ እኔ ማገዶ ሲበዛና ሲያንስ አላውቅም፣ ዛሬም ሁለት ጊዜ ሊገነፍልብኝ ነበር።

እትዬ ኤቴልካ ቀና ብለው አዩዋት።

«ማገዶ አቀባይ አደረግሽኝ ማለት ነው?»

«አዎ እማማ።»

ይቆጣሉ ብዬ ወይኑን ከፊታቸው ራቅ አደረግሁ። አልተቆጡም። ሾርባቸውን ጨርሰው ነበር፤ ባዶውን ሳህን አንሥተው ለቦርባላ ዘረጉላት።

«እንግዲያውስ ጨምሪልኝ» አሉ። «ፓስታውን አብዢው።»